የሸክላ ሐራጅ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኒው ዮርክ

ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ሕንፃው ከፍታ፥ ስለ ድልድዩ ርዝመትና ስለ መንገዱ ስፋት ነው። እኛም ከአሜሪካ በተመለስን ጊዜ ወዳጆቻችን የጠየቁን ይህንኑ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ በልባችን ተቀርጾ የቀረው በአንድ ቤት ውስጥ ያየነው የሙዚቃ ሸክላ ክምርና፥ በእርሱም ምክንያት በአባትና በልጅ መካከል የተነሣው ክርክር ነው። ነገሩ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን በዚህ ገጽ ላይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ግዛት ውስጥ፥ ከዋሽንግተን በስተ ሰሜን፥ ከዋናው ከተማ ጋር ድንበር ለድንበር ተያይዛ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ ስለሚኖሩባት፥ ጆርጅያ አቬኑ በሚባለው ረጅም ጎዳና የሚሄድ መንገደኛ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የምግብ ቤትና የሱቅ ስም እያነበበ ያልፋል፤ ጠዋትም የሚቈላ ቡና ይሸተዋል። ከጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ፥ ዛፍ በከበበው ሰፈር ውስጥ፥ አንድ የቆየ ወዳጃችን ይኖራሉ። እኒህ ሽማግሌ በ1970 ለትምህርት ወደ ኒው ዮርክ ሄደው፥ በ1974 በአገራችን አብዮት በፈነዳ ጊዜ እዚያው የቀሩ ናቸው። ባለቤታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ስላረፉ፥ ቤቱ ለብቻቸው ሰፋባቸው፤ ደረጃውም ለጉልበታቸው ከበደ። ስለዚህ ቤቱን ሸጠው ሁለት ክፍል ወዳለው አነስተኛ መኖሪያ ሊዛወሩ ቆርጠው ነበር። እኛ የደረስነው ዕቃው በየሣጥኑ በሚታሸግበት ሰሞን ነው።

ወደ ምድር ቤቱ በወረድን ጊዜ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ መደርደሪያ አየን። በላዩም ከሦስት መቶ የማያንሱ ሸክላዎች እንደ መጽሐፍ ቆመው ተደርድረዋል። ሽማግሌውም፥ «ወንበሩንም አልጋውንም ለሚፈልግ ሰጥቻለሁ፤ የቸገረኝ ይኸ ብቻ ነው» አሉን። አንድ ልጃቸው፥ ዕድሜው አርባ ዓመት የሚሆነው መሐንዲስ፥ «አባባ፥ ይኸ ሁሉ በኢንተርኔት ሐራጅ ቢወጣ የመዛወሪያዎን ወጪ ሁሉ ይሸፍናል» ይላል።

ሸክላ የሚለው ስም ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሀያኛው መቶ ዓመት መባቻ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ባስቀረጹበት ዘመን የነበረው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ነበር። ከእጅ ቢወድቅ በእርግጥ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ በአንዱ ፊቱም የሚይዘው የሦስት ወይም የአራት ደቂቃ ዜማ ብቻ ነው። በሰኔ ወር 1948 ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ቪኒል ከሚባለው የማይሰበር ነገር የተሠራ፥ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ የሚዞር ሰፊ ሸክላ አወጣ። በዚህም በአንድ ፊት ሀያ ደቂቃና ከዚያም በላይ መስማት ተቻለ። ጃዝ ለሚባለው፥ ተጫዋቹ በዜማው ላይ የራሱን ሐሳብ እየጨመረ ለሚያረዝመው ሙዚቃ፥ ይህ ፈጠራ ትልቅ በረከት ሆነለት። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ውድ ዕቃ የሚሻሙባቸው ሸክላዎች ከዚያ በኋላ በነበሩት ሀያ ዓመታት ያህል ውስጥ የታተሙት ናቸው።

ስለ ኢንተርኔቱም ሐራጅ ጥቂት እናስረዳ። ኢቤይ የተባለው ገበያ በ1995 ፒየር ኦሚድያር በሚባል ሰው በካሊፎርንያ ተመሠረተ። ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍና መግለጫ ያወጣል፤ ተጫራቾችም ከየአገሩ በተወሰኑት ቀናት ውስጥ ዋጋ ይሰጣሉ። ተጫራቹ የመጨረሻ ሊከፍል የሚችለውን ገንዘብ በምስጢር ያስመዘግባል፤ ገበያውም ሌላ ሰው በጨመረ ቍጥር እስከዚያ ወሰን ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ይሟገትለታል። በአገራችን ሐራጅ የሚጨምር ሰው እስካለ ድረስ ጥሪው ይቀጥላል፤ በዚያ ግን የመዝጊያው ሰዓት አስቀድሞ የተቈረጠ ስለ ሆነ፥ ብልኆቹ እስከ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ድረስ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቈዩና ያን ጊዜ በድንገት ይወረወራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ይኸውም ገዢው ዕቃውን በእጁ ሳይዳስስ፥ የሻጩን ቃል ብቻ አምኖ ገንዘቡን መስጠቱ ነው።

የቃሉንም ክብደት እኛ በራሳችን ገንዘብ ተምረናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሻጭ «እጅግ ደኅና» የተባለ ሸክላ ገዝተን ነበር። በደረሰን ጊዜ ልባሱ በጠርዙ ተቀዶ፥ ፊቱም ጥፍር የሚያስገባ ጭረት ተጭሮበት አገኘነው፤ በተጫወተም ጊዜ እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫ ነበር። በኋላ እንደ ተረዳነው፥ ሰብሳቢዎች የሸክላን ደኅንነት የሚለኩበት የታወቀ ደረጃ አላቸው። ከላይ ያልተነካው አለ፤ ቀጥሎ እንዳልተነካ የሚቈጠረው፤ ከዚያም እጅግ ደኅና የሚባለው በሁለት ተከፍሎ ይመጣል፤ በመጨረሻ «ደኅና» የሚባለው ደግሞ በእውነቱ ያረጀና ለጆሮ የማይመች ነው። እንግዲህ አንዲት ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ ዋጋውን ብዙ ጊዜ እጥፍ ታለያየዋለች።

ሽማግሌው ከጃዙ ሸክላዎች ዋነኛ የመሰሏቸውን ሦስቱን ሰጥተውን፥ ለጕዳያችን ወደ ኒው ዮርክ ስንሄድ ለአዋቂ እንድናሳይላቸው ለመኑን። ከዋሽንግተን በምድር ባቡር ተነሥተን፥ ባልቲሞርንና ፊላደልፍያን አልፈን፥ በሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ኒው ዮርክ ገባን። ሸክላዎቹን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አስረን በጉልበታችን ላይ እንዳስቀመጥናቸው ነበር የተጓዝነው።

የጠየቅነው የሸክላ ነጋዴ ሱቁ ከመንገድ የማይታይ፥ በአሮጌ ሕንፃ ላይ የተሰቀለ ነው። ሰውየውም ሸክላውን በሁለት መዳፉ ጠርዝ ለጠርዝ ይዞ፥ ጣቱን አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱ ላይ ሳያሳርፍ፥ በመብራቱ ሥር ቀስ እያደረገ አዘነበለው። መጀመሪያ የተመለከተው በመካከሉ ያለችውን ቀዳዳ ነው፤ በዙሪያዋ የብረቱ ጫፍ የተወው ጭረት ቢበዛ ሸክላው ብዙ ጊዜ ተጫውቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አድራሻውን አነበበ።

የያዝናቸው ሦስቱም የብሉ ኖት ኩባንያ ሥራዎች ነበሩ። ይህን ኩባንያ በ1939 በኒው ዮርክ የመሠረተው ከማክስ ማርጉሊስ ጋር ሆኖ፥ ከበርሊን የተሰደደው አልፍሬድ ላየን ነው። በዚያው ዓመት የልጅነት ወዳጁ ፍራንሲስ ዎልፍ ከናዚዎች ሸሽቶ መጣና ባልደረባው ሆነ፤ በየልባሱ ላይ የምናያቸው የተጫዋቾቹ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የእርሱ እጅ ሥራ ናቸው። ኩባንያው ቢሮውን በለወጠ ጊዜ በሸክላው ወረቀት ላይ ያለው አድራሻም ስለሚለወጥ፥ አድራሻው ለሰብሳቢ የዘመን መቍጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የታተሙት «767 ሌክሲንግተን አቬኑ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ «47 ዌስት 63ኛ» የሚለው ይመጣል፤ በ1960ዎቹ ደግሞ «ኒው ዮርክ ዩ ኤስ ኤ» ብቻ ተብሎ ይጻፋል።

ነጋዴው ከዚህ በኋላ፥ ዜማው አልቆ ወረቀቱ ሳይጀምር ባለው ባዶ ጥቁር ስፍራ ላይ ማጉሊያ መስተዋቱን አስጠጋ። በዚያ ሦስት ፊደሎች ተቀርጸዋል፤ የድምፅ ቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ስም ምልክት ናቸው። በአጠገባቸውም የሰው ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት ትታያለች። እርስዋ የኒው ጀርሲው ፕላስቲላይት ፋብሪካ ምልክት ናት። ብሉ ኖት ለሊበርቲ ኩባንያ ተሽጦ ኅትመቱ ከዚያ ፋብሪካ ከወጣበት ከ1966 ወዲህ በታተሙት ላይ ጆሮዋ አትገኝም። ከሦስቱ ሸክላዎቻችን አንዱ፥ ጆን ኮልትሬን በመስከረም 1957 የቀረጸው «ብሉ ትሬይን»፥ አድራሻውም ጆሮውም የተሟላለት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው ግን ልባሱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ጆሮ አልነበረውም፤ በኋላ ዘመን የታተመ ነውና ዋጋው ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነጋዴውም፥ «እኔ ብገዛችሁ ላተርፍ ስለሚገባኝ የምሰጣችሁ ከግማሽ አይበልጥም፤ ጊዜ ካላችሁ ራሳችሁ ለሐራጅ አውጡት፤ ነገር ግን ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ» ብሎ መከረን። ሊገዛን ሲችል እንዲህ ብሎ መምከሩ ደስ አሰኘን።

በማግሥቱ ከወረቀቱ ላይ ያነበብነውን አድራሻ ተከትለን ሄድን። 63ኛው መንገድ ሊንከን ሴንተር ከተባለው የታላላቅ ሙዚቃና ትያትር አዳራሽ አቅራቢያ፥ ወደ ሴንትራል ፓርክ የሚያወጣ ነው። ሰው ከነውሻው ይንሸራሸራል፤ መኪናው ይተራመሳል፤ እኛም በእጃችን ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቍጥር ስንፈልግ ለሚያየን ሰው የጠፋብን መንገደኞች ሳንመስል አልቀረንም። ከዚያም በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግረን፥ በኒው ጀርሲ ኢንግልውድ ክሊፍስ ወደ ተባለው ስፍራ ደረስን። ቫን ጌልደር ቀድሞ ቀን የዓይን መነጽር ሐኪም ሆኖ እየሠራ፥ በትርፍ ጊዜው ሃከንሳክ በሚባለው ከተማ በወላጆቹ ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ ይቀርጽ ነበር። «ብሉ ትሬይን»ም የተቀረጸው በዚያ ሳሎን ነው። በ1959 ግን በኢንግልውድ ክሊፍስ ጣራው እንደ ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ የተመዘዘ፥ በእንጨት የተዋቀረ የመቅረጫ ቤት አሠራ። ኮልትሬን በታኅሣሥ 1964 «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የተባለውን ሥራውን የቀረጸው እዚህ ነው። ባለቤቱ በ2016 ዐረፈ። እኛ ያየነው ከውጭ፥ በዛፎቹ መካከል ብቻ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ሰው ወላጆች ሳሎን የወጣ ድምፅ በሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት ውስጥ እስከ መገኘት መድረሱን ባሰብን ጊዜ ዝም ብለን ጥቂት ቆምን።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በተመለስን ጊዜ ልጁ ሥራውን ጀምሮ አገኘነው። ሸክላዎቹን በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ፥ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ እያነሣ ይመዘግባል። ከጃዙ መካከል ግን ከብሉ ኖቶቹ ይልቅ ዓይኑን የሳበው አንድ የአገራችን ሰው ሥራ ነበር፤ ይኸውም «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው፥ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ አስቀርጾ ወርዚ በተባለው ኩባንያ ያሳተመው ነው። ሙላቱ በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር ያጋባ ሰው መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በ1969 አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ ያቋቋመው የሸክላ ኩባንያም በ1974 የሙላቱን «ኢትዮ ጃዝ» አሳትሟል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የቀድሞውን ሙዚቃችንን «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ማሳተም ከጀመረ፥ በ2005ም የሙላቱ ዜማዎች «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ሲኒማ ከተሰሙ ወዲህ፥ የመጀመሪያዎቹን ኅትመቶች የሚፈልገው ሰው በየአገሩ በዛ።

ዳሩ ግን በዚህ ሸክላ ወረቀት ላይ፥ በአንደኛው ፊት፥ በሰማያዊ ቀለም በአማርኛ የተጻፈ የሴት ስምና ቀን ነበረበት። የሟቿ የእመቤቲቱ ስም ነው። ሰብሳቢዎች በወረቀት ላይ የተጻፈን ነገር ሁሉ እንደ ጕዳት ስለሚቈጥሩት ዋጋውን ይቀንሳል። ልጁም፥ «አባባ፥ ሁለተኛውን ፊት ብቻ ፎቶግራፍ እናንሣ፤ ስለ ጽሕፈቱ ካልጠየቁን አንናገርም» አለ። ሽማግሌውም መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ከቈዩ በኋላ፥ «እናትህን ደብቀህ ልትሸጥ ነው?» አሉት። ልጁ ደነገጠ፤ ቃላቸውም የቍጣ አልነበረም። ቀጥለውም፥ «ሽጠው፤ እኔ አልከለክልህም። ሙታን በሸክላ አይመለሱም። ነገር ግን ያለውን ሁሉ ጽፈህ ሽጠው» አሉት።

በዚያው ሌሊት ደግሞ ፈተናው በእኛ ላይ መጣ። ልጁ ለብቻችን ጠርቶን፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ከአዲስ አበባ እንደ ተጫራች ሆነው ለኮልትሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ዋጋ ቢጨምሩልንስ? እውነተኛው ገዢ በዚያ ላይ ይጨምራል፤ አባባም ይጠቀማሉ» አለን። እንጀራውን በበላንበት፥ አልጋው በተነጠፈልን ቤት እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ። የምንወደውም ሽማግሌ ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። ለጊዜው መልስ ሳንሰጥ ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሽንኩርት የሚጠብስ ሸክላችን ትዝ አለን፤ «የማናውቀውን ሰው በዚህ መንገድ ገንዘቡን ብናስወጣው እኛን ካታለለን ሰው በምን እንለያለን? የገበያውም ደንብ ይህን ይከለክላል» አልነው። እርሱም አቀርቅሮ፥ «እውነትዎን ነው» ብሎ ወጣ።

ሐራጁ ሰባት ቀን ቈየ። ልጁ የእያንዳንዱን ሸክላ መግለጫ እንደ ነጋዴው ምክር ጻፈ፤ ጭረቱን፥ የልባሱን መላላጥ፥ ጆሮ ያለውንና የሌለውን ሁሉ ገለጠ። በስድስቱ ቀናት የኮልትሬኑ ዋጋ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር ሽማግሌው፥ «ምናልባት እውነቱን አብዝተነዋል» እያሉ ይስቁ ነበር። በሰባተኛው ቀን ማታ ሦስታችንም በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጠን ሰዓቱን እንጠብቅ ጀመር። አንድ ደቂቃ በቀረ ጊዜ ቍጥሩ ተነቃነቀ፤ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ሰከንዶችም ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። አንድ የቶኪዮ ሰው ወሰደው። ከጃዞቹ ሁሉ የተገኘው ገንዘብም ለዕቃ ማጓጓዣው ተርፎ የአዲሱን መኖሪያ የሁለት ወር ኪራይ ቻለ።

በማግሥቱ ሲያሽግ አብረነው ዋልን። ሸክላው በመንገድ ላይ ተንሸራቶ የልባሱን ጠርዝ እንዳይቀደው ከልባሱ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ በሁለቱም ወገን ካርቶን ይደገፋል፤ የሣጥኑም ማዕዘን ባዶ እንዳይሆን ይሞላል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሲያደርግ አይተን ልጁን ወደድነው።

የሙላቱ ሸክላ ግን በሐራጁ ውስጥ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጁ «ያለውን ሁሉ ጻፍ» በተባለ ጊዜ መግለጫውን ለመጻፍ ስለ ጽሕፈቱ አባቱን መጠየቅ ነበረበት። አባቱም፥ እናቱ በ1972 ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከምሳቸው ገንዘብ አስቀርተው እንደ ገዙት፥ ባንድ ቤት ይኖሩ የነበሩት ሴቶች ተማሪዎች ሸክላ እየተዋዋሱ ስለሚጠፋባቸው ስማቸውን እንደ ጻፉበት፥ እርሳቸውም ያን ሸክላ ለመዋስ ብለው በራቸውን ባንኳኩ ጊዜ እንደ ተዋወቁ ነገሩት። ልጁ ይህን በአርባ ዓመቱ መስማቱ ነው። መግለጫውን ጻፈ፤ አንብቦም ጨረሰ፤ ነገር ግን ወደ ገበያው ሳያወጣው ቀረ። ሽማግሌውም ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «እኔ ለመሸጥ ቈርጬ ነበር፤ እንቢ ያለው እርሱ ነው» አሉን።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በየቤታችሁ ከአባቶቻችሁ የቀረ ሸክላ ቢኖር አንዳንድ ነገር እንለምናችኋለን። አንዱን በሌላው ላይ አትጫኑት፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከፀሐይና ከእሳት አጠገብ አርቁት፤ ይጐብጣልና። የተጻፈበትን ስም አትፋቁት። ልትሸጡትም ብትወዱ ነውር የለበትም፤ ያለበትን ጕድለት ሁሉ ተናግራችሁ ሽጡት። ነገር ግን ከመሸጣችሁ በፊት፥ የገዛው ሰው በሕይወት ሳለ፥ ከየት እንዳመጣውና ከማን ጋር እንደ ሰማው ጠይቁት።